የአዳራሹ ግድግዳና የአያ ሁሴን ጣሪያ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተረከብኩት አንድ ቁልፍ፣ አንድ መሰላልና አንድ አለቃ ነው። ቁልፉና መሰላሉ ደህና ነበሩ።

አለቃዬ የምክትል ወረዳው ሹም ነበር፤ ማዕረጉ ግራዝማች። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆቹ ደህና ሰዎች ናቸው። «እሱ» እያልኩ መጻፌን የሚታዘብ አንባቢ ካለ ይታዘበኝ፤ አንቱታዬን ያኔ ጨርሼበታለሁ። አዳራሹ ደጃፍ ላይ አቁሞኝ፣ «ይህ ቤት የመንግሥት ነው። አንዲት ሚስማር ብትጎድል የምጠይቀው አንተን ነው» አለኝና በቅሎው ላይ ወጣ።

እሱ ከራቀ በኋላ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ አንድ ጎልማሳ ሳቁ። ጭቃ እስከ ጉልበታቸው ደርቆባቸዋል።

«ስምህ ማነው?» አሉኝ።

«ሞገስ።»

«ስማኝ ሞገሴ፣ ሚስማሯንም የገዛናት እኛ ነን። ሰውዬው የገዛው በቅሎውን ነው፤ እሱንም እንጃ።»

አያ ሁሴንን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው።

አዳራሹ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ነው። አምስት ጎጦች ተባብረው ሠሩት። የወይራ ምሰሶውን ከዳገቱ በጫንቃቸው አወረዱ፤ ቆርቆሮውን ቤት ለቤት አዋጥተው ገዙ። ግድግዳውን ደግሞ ተከፋፈሉት። እያንዳንዱ ጎጥ የራሱ ግድግዳ አለው፤ በየዓመቱ አውድማ ሲነሣ ጭዱን ይዞ መጥቶ የራሱን ይመርጋል። አራት ግድግዳ ለአምስት ጎጥ እንዴት ደረሰ የሚል ካለ፣ የመንገዱን ፊት በሩ ለሁለት ይከፍለዋል። ወደ ዞብል ተራራ የሚያየው የምሥራቁ ግድግዳ የአያ ሁሴን ጎጥ ድርሻ ነበር።

በዚያ ቤት ውስጥ ደም ይታረቃል፣ የውሃ ተራ ይወሰናል፣ ሠርግ ይበላል። አስታራቂዎቹ አበጋሮች ምሰሶው ሥር ይቀመጣሉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ይመረቃል። ግራዝማች ግብር ሊያስነግር ሲመጣ ደግሞ ያው ሰው ያው አግዳሚ ላይ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል።

የእኔ ሥራ ቤቱን ማቆየት ነው። ቆርቆሮው በንፋስ ሲላቀቅ እመታለሁ፤ ውሃ እንዳያስገባ ሚስማሩ ሥር ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ክብ አስገባለሁ። ትልቁ ጠላቴ ምስጥ ነበር። ከጭነት መኪና ሾፌሮች የተቃጠለ ዘይት እየለመንኩ የምሰሶዎቹን እግር በየሦስት ወሩ እቀባለሁ። ሾፌሮቹ «ዘይት የሚጠጣው አዳራሽ እንዴት ነው?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ጭቃን ግን እንደ እኔ ያለ አናጢ አያውቀውም። ያስተማሩኝ አያ ሁሴን ናቸው። አፈሩ ተቆፍሮ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ በእግር ተረግጦ፣ ጭድ ገብቶበት ሦስት ቀን ያድራል። ሲቦካ ይሸታል፤ ካልሸተተ አልደረሰም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት በሁለተኛው ቀን መረግሁና በሳምንቱ ግድግዳው ተሰነጣጠቀ። አያ ሁሴን ጣታቸውን ስንጥቁ ውስጥ ከተው፣ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አሉኝ። ከዚያ ዓመት ወዲህ ጭቃ ሳላሸት መርጌ አላውቅም።

በስልሳ አራት ክረምቱ ቀረ። በስልሳ አምስት በልጉም ቀረ። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ። ሰው የጎጆውን ክዳን እየመዘዘ ላሙን አበላ፤ ላሟም ሞተች። ከዚያ በኋላ ሰው ራሱ ወደ መንገዱ ወጣ። ከቆቦ እስከ ዋጃ የመንገዱ ዳር ሰው ተቀምጦበት ነበር። ከሚያልፉት መኪናዎች አንዳንዱ ዳቦ ይወረውራል፤ አንዳንዱ መስኮቱን ይዘጋል።

የአዳራሹ በረንዳም ሞላ። ጥላ አለው፤ ዝናብ ባይኖርም የሌሊት ብርድ አለ። ቤቱ የራሳቸው ስለሆነ ወደዚያ መጡ። እኔ ደመወዝ ስለነበረኝ እበላ ነበር። ይህን የምጽፈው እንዲታወቅብኝ ብዬ ነው።

ግራዝማችን፣ «አዳራሹን ልክፈትላቸው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አዳራሹ የተሠራው ለስብሰባ ነው» አለኝ።

«ሰዎቹ ተሰብስበዋል።»

«አፍህን ያዝ!»

ያዝኩ። ሃምሳ ሰው በረንዳ ላይ እየተቃቀፈ ሲያድር ባዶው አዳራሽ በእኔ ቁልፍ ተቆልፎ ያድር ነበር። አሁን ሳስበው ያናድደኛል። ያኔ ግን በየማለዳው መቆለፉን እየነካሁ አረጋግጥ ነበር።

አንድ ሰኞ ግራዝማች መጣና ከበቅሎው ሳይወርድ አዘዘኝ።

«ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ይመጣል። አዳራሹ ተመርጎ፣ ኖራ ተቀብቶ ይጠብቀኝ።»

«ጭድ የለም፣ ግራዝማች።»

«ጭድ የለም ማለት ምን ማለት ነው?»

«ጤፍ አልተወቃም። ጭድ ከየት ይመጣል?»

«ባዶ ቤት ሞልቶ የለም እንዴ! ሁሉም እየጣለው ሄዷል። ክዳኑን አውርድና ጨምርበት። አናጢ አይደለህም?»

«እሺ» አልኩ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ እኔን ያዘዘኝ ግን ንጉሥ አልነበረም፣ በበቅሎ የሚዞር አንድ የምክትል ወረዳ ሹም ነው። ልከራከረው እችል ነበር። እንጀራዬን አሰብኩና ተውኩት።

ማክሰኞ ጠዋት አስፋው የሚባል የቀን ሠራተኛ ይዤ ወጣሁ። በእኛ አገር ሰው ቤቱን ትቶ ሲሄድ በሩ ላይ የግራር እሾህ ይደፋል። ቁልፍ ማለት ያ ነው፤ ያየ ሁሉ ሰው እንደሌለ ያውቃል። በዚያ ዓመት እሾህ ያልተደፋበት በር ማግኘት ይከብድ ነበር። ሁለት ጎጆዎች ክዳናቸው ቀድሞ ለከብት ተመዝዞ ስላለቀ የረባ ነገር አላገኘንባቸውም። ሦስተኛው ቤት ሣሩ ደህና ነበር።

የአያ ሁሴን ቤት መሆኑን አውቃለሁ። በሩ ላይ እሾህ ተደፍቷል። ከሄዱማ እግራቸው ይራመዳል ማለት ነው ብዬ ደስ እንኳ አለኝ። ከዚያ መሰላሌን ቤታቸው ላይ አቆምኩ።

የጣሪያውን አንድ ጎን ነቅለን ስንጨርስ ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«ማነው?»

አስፋው ከመሰላሉ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። በቀዳዳው ወደ ታች አየሁ። አያ ሁሴን መደቡ ላይ ተኝተዋል። ፀሐዩ ፊታቸው ላይ ወርዶባቸው በእጃቸው ከልለዋል። እጃቸው እንጨት ሆኗል።

«ሞገስ ነኝ፣ አያ።»

«ሞገሴ፣ እላይ ምን ታረጋለህ?»

«ሰው የለም ብዬ ነው። እሾሁን አይቼ።»

«እሾሁንማ ዛራ ናት የደፋችው። ጅቡ በቀን መግባት ጀመረ፤ እኔ ተነሥቼ በር የምይዝበት ጉልበት የለኝ። የአንገት ድሪዋን በማሽላ ልትለውጥ ዋጃ ሄዳለች። ዛሬ ነገ ትመጣለች፣ ኢንሻአላህ።»

ዛራ ባለቤታቸው ናት። አንድ ልጃቸው ለቀን ሥራ አሰብ እንደወረደ ነው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው በአስፋው ላይ ጮህኩበት። «እኔ ምን አረግሁ? መሰላሉን ያቆምከው አንተ፣ ቤቱን የመረጥከው አንተ!» አለኝ። እውነቱን ነው። እሾሁን አንሥቼ በሩን ብገፋው ኖሮ አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

አያ ሁሴንን በጀርባዬ አዝዬ ወደ አዳራሹ ወሰድኳቸው። አይከብዱም ነበር። አግዳሚ የምናስቀምጥበትን ዕቃ ቤት ከፍቼ አስተኛኋቸው። ውሃ ሰጠሁ፤ ከምሳዬም አካፈልኳቸው።

«ሣሩስ?» አሉኝ።

«መልሼ አለብሰዋለሁ፣ አያ።»

«የተነቀለ ሣር አይመለስም፤ ይሰባበራል። ለግድግዳው ይሁን። ግን በደንብ አድቅቀው። ጭስ ያጠቆረውን ለብቻው ዘፍዝፈው፤ ውሃ ቶሎ አይገባውም።»

ቤታቸውን ያፈረሰባቸውን ሰው ምርጊት ያስተምራሉ። ሣሩን ልዘፈዝፍ ወጣሁ።

ጭቃውን ረገጥነው። በረንዳው ላይ ከተቀመጡት አራት ሰዎች ተነሥተው መጡ። «እባካችሁ ተቀመጡ፤ አቅም የላችሁም» ብላቸው፣ «ግድግዳችን በሌላ እጅ አይመረግም» አሉኝ። ሁለት ዙር ረግጠው ተቀመጡ። የያዝኩትን ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋቸው፤ ለሌላው አልደረሰም። የሌላው ዓይን እስከ ዛሬ ይከተለኛል። ሐሙስ ጭቃው ሸተተ፤ መረግን። ዓርብ ኖራ ቀባን። ኖራው ስላልበቃ ከበሩ ጀርባ ያለው ውስጠኛው ግድግዳ እንደተመረገ ቀረ።

ዓርብ ከሰዓት ግራዝማች ሊያይ መጣ። ጠረጴዛው ላይ የሚነጠፍ አዲስ ነጭ አቡጀዲ አስይዞ ነበር። ግድግዳውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ደስ ብሎታል። ከዚያ ዕቃ ቤቱን ከፈተ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«አያ ሁሴን ናቸው። የምሥራቁ ግድግዳ...»

«ግድግዳውን አልጠየቅሁህም! ነገ በጠዋት ይኸም፣ በረንዳው ላይ ያለውም ከዚህ ይነሣ። ከኋላ ካለው ገደል አውርዳቸው።»

«ግራዝማች፣ ሰውዬው መቆም አይችሉም።»

«ለዚያ አይደል እንዲነሣ ያልኩህ? በወረዳችን ረሃብ የለም ብዬ ጽፌያለሁ። ውሸታም ልታደርገኝ ነው?»

ውሸታም ላደርገው አልነበረም፤ ቀድሞኝ ሆኖ ነበር። ይህን ግን ዛሬ ነው የምጽፈው። ያን ቀን ያልኩት «እሺ» ነው፤ ሁለተኛው እሺዬ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት የሹሙ ነጭ ለባሾች ጠመንጃ ይዘው መጡ። ሰዉን እየደገፍን ከአዳራሹ ጀርባ ገደሉ ሥር ወዳለው ደረቅ ወንዝ አወረድነው። አያ ሁሴንን እኔና አስፋው በአግዳሚ ተሸክመን አንዲት ግራር ሥር አስቀመጥናቸው።

«ወዴት ነው ሞገሴ?» አሉኝ።

«ለትንሽ ጊዜ ነው፣ አያ። እንግዳው እስኪሄድ።»

«ዛራ ብትመጣ የት ታገኘኛለች?»

«እኔ እነግራታለሁ።»

አንድ ጣሳ ውሃ አጠገባቸው አስቀመጥኩና ተመለስኩ። እንግዳው በማለዳ ይመጣል ተብሎ ነበር፤ የመጣው ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። ግራሯ ቅጠሏን አራግፋ ስለነበር ጥላዋ ጥላ አይባልም።

እንግዳው ንጹሕ ሰው ነበር፣ ለስላሳ። አቡጀዲ የለበሰው ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠና፣ «አገሩ እንዴት ነው?» አለ።

«በመንግሥታችን ቸርነት ደህና ነው» አለ ግራዝማች። «ትንሽ የዝናብ መዛባት አለ። ሕዝቡ ግን በየቤቱ ነው።»

ሰኞ ዕለት «ባዶ ቤት ሞልቶ የለም እንዴ!» ያለኝ ያው አፍ ነው። እንግዳው ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

ይህን ጊዜ ዛራ ገባች። ከዋጃ በእግሯ መምጣቷ ነው። አንድ እፍኝ ሁለት እፍኝ ማሽላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራለች። ማንንም ሳታይ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

«ሞገስ፣ ቤቴን ማን ገፈፈው? ባሌስ የት አለ?»

እንግዳው ቀና አለና፣ «ምን ሆና ነው?» አለ።

«አእምሮዋን የነካት ናት፣ ጌታዬ» አለ ግራዝማች።

እንግዳው ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ታውቃታለህ?»

በየዓመቱ ለምርጊት ውሃ ስትቀዳ፣ ጭቃ ለብሼ ስታየኝ ስትስቅብኝ የኖረች ሴት ናት። ቤቷ ገብቼ ስንት ቀን በልቻለሁ።

«አላውቃትም፣ ጌታዬ» አልኩ።

ዛራ ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ከበሩ ጀርባ ያለውን ኖራ ያልተቀባ ግድግዳ አየችና ቀረበች። ጭቃው ገና አልጠነከረም። በጣቷ ጭራ አንድ ሣር መዘዘች፣ ሌላም ጨመረች። በጭስ የጠቆረ ሣር ነው፤ የሷ ምድጃ ጭስ ነው ያጠቆረው። መዳፏ ላይ አድርጋ ለእንግዳው ዘረጋችለት። «ጌታው፣ ቤቴ ይኸውና» አለችው። እንግዳው ሣሩን አየ፣ ግራዝማችን አየ፣ ሰዓቱን አየ። መንገድ እንደሚቀረው ተናግሮ ተነሣ። መኪናዎቹ ወደ ቆቦ ሄዱ፤ ግራዝማችም አብሮ ተሳፍሮ ሄደ።

ዛራን ወደ ወንዙ ወሰድኳት። አያ ሁሴን ግራሯ ሥር እንዳስቀመጥናቸው ነበሩ። ጣሳው ተደፍቷል። ዛራ ጎንበስ ብላ ዓይናቸውን ከደነችና የቋጠረችውን ማሽላ አጠገባቸው አስቀመጠች። «ኢንና ሊላህ» አለች። ወደ እኔ አልዞረችም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ጀግንነት ብሎ የሚያነብ እንዳይኖር። ጀግንነት ከአንድ ሰዓት በፊት ነበር ጊዜው፤ አምልጦኛል። አያ ሁሴንን ወደ አዳራሹ መለስናቸው። ሙስሊሞቹ ምሰሶው ሥር አጠቧቸው። ለከፈን የሚሆን ጨርቅ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈውን አቡጀዲ ገፍፌ ሰጠሁ። ሙስሊሞቹ ሲሰግዱ እኔና አስፋው መቃብሩን ቆፈርን።

ተመልሼ የወንዙን ሰው ሁሉ አዳራሹ ውስጥ አስገባሁ። ግራዝማች ሲመጣ ቁልፉን እንደሚቀማኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ማጠፊያውን ፈትቼ በሩን ከነመቃኑ ነቀልኩት። የሚቆለፍ ነገር እንዳይኖር ነው። የበሩ ሳንቃ በቀጣዮቹ ሳምንታት ቃሬዛ ሆኖ አገለገለ፤ ስንት ሰው እንደተሸከምንበት አልቆጠርኩም።

ግራዝማች ሰኞ መጣ። መጀመሪያ ያየው ሰዉን አይደለም።

«አቡጀዲው የት ሄደ?»

«ተቀብሯል።»

«የመንግሥት ንብረት ነው እኮ!»

«እንግዲያውስ መቃብሩን ላሳይህ፤ ቆፍረህ አውጣው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አልኩት። በጥፊ መታኝ። ከሥራ አባረረኝና ሦስት ሳምንት አሳሰረኝ። የተጻፈብኝ ክስ «በር መንቀልና ጨርቅ ማጥፋት» ነው። አንድ ሰው ገደል አውርደህ ገደልክ የሚል ክስ በእኔም ላይ፣ በእሱም ላይ አልተጻፈም። እንዲያውም ኋላ ወደ ተሻለ ወረዳ ተዛወረ ሲሉ ሰማሁ።

አዳራሹ ግን ከዚያ ወዲያ አልተዘጋም። በር አልነበረውማ። የእርዳታ እህል መጥቶ ሰው ወደ ቀዬው እስኪመለስ ድረስ ሰው አደረበት። ዝናብ ሲመጣና ማሽላው ሲያፈራ አምስቱ ጎጦች ጠርተው ሥራዬን መለሱልኝ። አዲስ በር ሠራሁ። ጡረታ እስክወጣ ያንኑ ቤት ጠበቅሁ። የምሥራቁን ግድግዳ በየዓመቱ ስመርግ እጄ ይከብደኝ ነበር፤ አሁንም ይህን ስጽፍ ይከብደኛል።

ሥራዬ በተመለሰልኝ ዓመት ሣር ሲደርስ ስድስት ሸክም አሳጭጄ፣ መሰላሌን ይዤ ወደ ዛራ ቤት ሄድኩ። ልጇ ከአሰብ ተመልሶ ነበር፤ ጣሪያውን በአሮጌ ሰሌንና በቅጠል ሸፍነው ከርመዋል። በሩ ላይ እሾህ አልነበረም፤ ክፍት ነው። ሰላምታ ሰጠሁ፤ አልመለሰችልኝም። መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፌ እግሬን ሳነሣ ከውስጥ ወጣችና ክንዴን ያዘችኝ።

«ቆይ» አለችኝ። «መጀመሪያ ግባና እይ።»

ገባሁ። ቤቱ ባዶ ነበር። መደቡን አየሁ፣ ጥግ ጥጉን አየሁ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«አየህ?»

«አየሁ።»

«በል አሁን ጣሪያው ላይ ውጣ» አለችና ሣሩን ከታች ታቀብለኝ ጀመር።

በዚህ ሙያ ላላችሁ ሁሉ የምለው ይኸው ነው። ጣሪያ ከመንካታችሁ በፊት ገብታችሁ እዩ። በሩ ላይ እሾህ ቢኖር አንሥታችሁ ግቡ፤ ማንም ቢያዛችሁ፣ ምንም ቢያስቸኩላችሁ።